አሮጌው ላፕቶፕ ከመጣሉ በፊት
ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ይሁንና በጉኑኖ ከተማ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሥራ የሚሠራ ነጋዴ አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛት አይቸኩል። ሊኑክስ ሚንት የተባለው ነፃ ሲስተም ቀላሉ ዓይነት፣ ኤክስኤፍሲኢ፣ ባለ 64 ቢት ማሽን፣ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይበቃዋል፤ ራሙ 4 ቢሆን ይመረጣል። ሶዶ ላይ አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ወርዶ በፍላሽ የተዘጋጀ ቅጂ ለብዙ ማሽኖች ይሆናል፤ ማባዛቱም የተፈቀደ ነው።

በመጀመሪያ ሰነዶችን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ያሻል፤ ሲስተሙ ሲጫን የነበረው ሊጠፋ ይችላልና። ቀጥሎ ማሽኑን በፍላሹ አስነስቶ፣ ገና ሳይጭኑ፣ ዋይፋዩንና ፕሪንተሩን መሞከር ነው። ሒሳቡን በፒችትሪ የሚይዝ ግን ይጠንቀቅ፤ ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሠራ በመሆኑ ቁጠባው ወደ ኪሳራ ሊዞር ይችላል።