በትንሽ ምስል ላይ ልብስን ስለ መቀባት

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ቦኬ፣ ከቤተ ሰቦቼ ዘንድ ሳለሁ፣ ነጠላ የለበሰች አንዲት ሴት ከሸክላ አፈር ሠርቼ፣ ከጭሮ በገዛሁት አክሪሊክ ቀለም ቀባኋት። ቁመቷ አንድ ስንዝር ያህል ነው። ለእናቴ ባሳያት፣ «ውይ ልጄ! ማን ሞቶባት ነው?» አለችኝ። ለካስ ጥለቱን ወደ ላይ አዙሬ በአንገቷ ዙሪያ ስላደረግሁት፣ ሳላውቅ የኀዘን ልብስ አልብሻት ኖሯል።

ስለዚህ፣ ውድ ጓደኞቼ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ብሩሽ ከማንሣታችሁ በፊት አለባበሱን ጠይቁ። እጥፋቱ የሚከተለው አለባበሱን ነው፤ ጥላው ደግሞ እጥፋቱን ይከተላል።

ሁለተኛው የብርሃን ነገር ነው። በሰው ልብስ ላይ የእጥፋቱ ጫፍ ይበራል፣ ጎድጓዳው ይጨልማል። በስንዝር ምስል ላይ ግን እጥፋቱ ጥልቀት ስለሌለው የቤቱ ብርሃን በቂ ጥላ አይሰጠውም። የጎደለውን የሚሞላው ቀቢው ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ/ ነጠላው ነጭ ቢሆንም መጀመሪያ ንጹሕ ነጭ አትቀቡ፤ ጥቂት ግራጫ ቀላቅሉበትና ይድረቅ።

2ኛ/ ሰማያዊ የነካው ግራጫ በውሃ አቅጥናችሁ በየጎድጓዳው ውስጥ እንዲወርድ አድርጉ። ጥቁር ብቻውን ልብሱን ያቆሽሸዋል።

3ኛ/ ንጹሑን ነጭ ለእጥፋቱ ጫፍ ብቻ አስቀምጡት፤ መብራቱ ከላይ ነውና ትከሻው ከሁሉ ይበልጥ ይብራ።

4ኛ/ ጥለቱን በመጨረሻ ቀቡ። እርሱም ከነጠላው ጋር ስለሚታጠፍ፣ ጎድጓዳው ላይ ሲደርስ ቀለሙን አጥቁሩት።

ይህ ጉዳይ የባዕድ ብቻ አይምሰላችሁ። በ17ኛው መቶ ዓመት የጎንደር ሠዓሊዎች ልብስን ብዙውን ጊዜ በጎን ለጎን መሥመሮች ያሳዩ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በተስፋፋው አሣሣል ግን፣ ቀለሙ ከብርሃን ወደ ጥላ ቀስ በቀስ እየተለወጠ ለልብሱ ክብደት ሰጠው። በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት ያለችውን ናርጋ ሥላሴን የሚጎበኝ ሁሉ፣ እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍተው ተሥለው ያያል። እዚያ ስትደርሱ ፊቱን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ ልብሱንም ተመልከቱ።

እኔም ያችን ሴት እንደገና ቀባኋት፤ ጥለቱ አሁን ከታች ነው። በዚህ ጊዜ ግን አስቀድሜ እናቴን ጠይቄ ነበር።