ወተት እርግፍ አድርገው ከመተውዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ሆሳዕና፣ ዱራሜ ወይም ሺንሺቾ ውስጥ ሆዱ የሚነፋ፣ የሚጮህበትና ምግብ በበላ ቁጥር ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሮጥ ሰው ችግሩን ሲናገር መልሱ ከሁለት አያልፍም፤ «ጨጓራ ነው» ወይም «ጃርዲያ ነው»። ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ይገዛል፣ ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፣ ከዚያ ይመለስበታል። ብዙም የማይነሳ ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ አንጀት አንዳንድ የስኳር ዓይነቶችን መፍጨት ወይም መምጠጥ ሲያቅተው የሚመጣ ችግር ነው። ከስኳር በሽታ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ በደምዎ ውስጥ ያለው ስኳር ሙሉ በሙሉ ጤናማ ሆኖም ሊያጋጥምዎ ይችላል።

ዋናው ተጠርጣሪ የወተት ስኳር፣ ላክቶስ ነው። ጨቅላ ሕፃን ላክቶስን የሚፈጭ ላክቴስ የተባለ ኢንዛይም በብዛት አለው፤ ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ግን ከልጅነት በኋላ ይቀንስባቸዋል። ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት የወረደው ስኳር ውኃ ይስባል፣ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎችም ጋዝ ያደርጉታል። መነፋቱም ተቅማጡም የሚመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ራስዎን ይጠይቁ፤ ሰገራዬ ውስጥ ደም አለ? ክብደቴ ቀንሷል? ትኩሳት አለኝ? ተቅማጡ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል? ከነዚህ አንዱ እንኳ ካለ የቤት ሙከራውን ይተዉትና ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ።

ቀጥሎ፣ የሰገራ ምርመራ አድርገዋል? ጃርዲያ በአገራችን በእርግጥ ብዙ ነው፤ ያለ ምርመራ መድኃኒት ደጋግሞ መዋጥ ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ደግሞም ጃርዲያ የአንጀትን ሽፋን ስለሚጎዳ፣ ተውሳኩ ጠፍቶም ለሳምንታት ወተት አልስማማ ሊል ይችላል። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብለው ሁለተኛ ዙር የሚጀምሩ ሰዎች አንዳንዴ የሚያስፈልጋቸው ለጥቂት ሳምንት ከወተት መታቀብ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሙከራው። ለሁለት ሳምንት ወተትና ወተት የገባበትን ነገር ሁሉ ያቁሙ፤ የበሉትንና የተሰማዎትን በደብተር ይጻፉ። ከተሻለዎ፣ ሥራ በማይወጡበት ቀን ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጥተው ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ይጠብቁ። ሕመሙ ተመልሶ ከመጣ ምክንያቱን አገኙ ማለት ነው። ሁዳዴን ለሚጾም ሰው ሙከራው ያለ ድካም የመጣ ነው፤ 55 ቀን ሰላም የነበረ ሆድ ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ ከታወከ ልብ ይበሉ። ነገር ግን በጾም ከወተት ጋር ሥጋውም ቅቤውም ስለሚቀር፣ ለማረጋገጥ ወተቱን ለብቻው መሞከር ግድ ነው።

በመስቀል ሰሞን ግን ባይሞክሩ ይሻላል። የሐዲያ ያሆዴም ሆነ የከምባታ መሳላ ቡላው፣ ቅቤው፣ አይቡና ጥሬ ሥጋው ባንድ ማዕድ የሚቀርብበት ጊዜ ነው፤ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራውን አታካና በልቶ የታመመ ሰው የትኛው እንዳመመው ሊያውቅ አይችልም። ብዙ ጊዜ የሚወነጀለው ቅቤ ነው። ቅቤ ስቡ ሊከብድ ይችላል እንጂ ላክቶስ ከሞላ ጎደል የለበትም፤ የነጠረው ደግሞ የባሰውን የለበትም። ቆጮም ሲብላላ ብዙው ስኳሩ ስለሚበላ ከእሱ ይልቅ አብሮት የቀረበውን መጠርጠር ይበጃል።

ተደብቆ የሚገባው ወተት ብዙ ነው። አይብ ሲሠራ አሬራው ይሞቅና ጭማቂው፣ ማለትም አጓቱ፣ ይለያል፤ ከቀረው ስኳር አብዛኛው የሚሄደው በአጓቱ ነው። ስለዚህ አይቡ የተስማማው ሰው አጓት ሲጠጣ ቢታመም አይደንቅም። ብስኩት፣ ኬክና ቸኮሌት ውስጥ የወተት ዱቄት ይገባል። ኬክ ቤት ሲሄዱ፣ ጿሚ ባይሆኑም እንኳ «የጾም አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ ይህች አንዲት ጥያቄ ብዙ ማብራሪያ ታስቀርልዎታለች። የብዙ ኪኒኖች መሙያ ላክቶስ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ አብዛኛውን ሰው አይነካም።

ወተት አቁመውም ካልተሻለዎ ሌሎቹን ስኳሮች ይፈትሹ። ስንዴ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ፍሩክታን የሚባል ለሁሉም ሰው የማይፈጭ ስኳር አላቸው፤ አንዳንዱን አንጀት ግን አብዝቶ ያውካል። ሽሮ ላይ ያለው ችግር ድርብ ነው፤ ባቄላው፣ አተሩና ሽምብራው የራሳቸው ጋዝ ፈጣሪ ስኳር አላቸው፣ በላዩ ቁሌቱ ይጨመራል። «ሽሮ ነፋኝ» ሲሉ ሽሮው ይሁን ሽንኩርቱ ለመለየት አንድ ቀን ያለ ሽንኩርት ያሠሩት። ዳቦ የሚነፋው ሰውም ለረጅም ሰዓት የቦካ የቤት ዳቦ ይሞክር፤ እርሾው ፍሩክታኑን ስለሚበላው ቶሎ ቦክቶ ከሚጋገረው ሊሻለው ይችላል። ማርና ማንጎ ፍሩክቶስ ይበዛባቸዋል። አንዳንድ የሳል ሽሮፕና ስኳር አልባ ማስቲካ ደግሞ ሶርቢቶል አላቸው፤ እሱም ያስቀምጣል። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አያቋርጡ፤ ባንድ ጊዜ አንዱን፣ በየመካከሉ ሦስት ቀን ያህል እየጠበቁ ይሞክሩ።

ወተት እንደማይስማማዎ ቢረጋገጥም እርግፍ አድርጎ መተው ግን ትክክል አይመስለኝም፤ በተለይ በእንሰት አገር። ቆጮና ቡላ ኃይል ሰጪ ናቸው እንጂ ፕሮቲናቸው በጣም ጥቂት ነው። ያንን ጉድለት ከጥንት ጀምሮ ሲሞላ የኖረው አብሯቸው የሚቀርበው ወተት፣ አይብ፣ ሥጋና ጥራጥሬ ነው። ወተቱን አውጥቶ ቆጮውን ብቻ የሚያስቀር ሰው፣ ሆዱን አድኖ ሰውነቱን ይጎዳል። አብዛኛው ላክቶስ የማይስማማው ሰው ባንድ ጊዜ እስከ 12 ግራም ላክቶስ፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ወተት ውስጥ ያለውን ያህል፣ በተለይ ከምግብ ጋር ከሆነ ብዙም ሳይታመም ይችላል። ስለዚህ መጠንዎን ይፈልጉ፤ በግማሽ ስኒ ጀምረው ከምግብ ጋር ይጠጡ። እርጎ ይሞክሩ፤ ያረጋው ባክቴሪያ ከስኳሩ የተወሰነውን በልቶታል፣ የቀረውንም በሆድዎ ውስጥ ለመፍጨት ያግዛል። አይብ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው። እነዚህም ካልሆኑ ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላልና ጎመን ከማዕዱ አይጥፉ።

ይህ ሁሉ ለአዋቂ ነው። ጨቅላ ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው «ወተቱ አልተስማማውም» ብላችሁ ጡት የምታቋርጡ እናቶች እባካችሁ አታቋርጡ። የእናት ጡት ላክቶስ የማይስማማው ሆኖ የሚወለድ ልጅ እጅግ ጥቂት ነው። አጥቡት፣ ኦአርኤስ ስጡት፣ ወደ ጤና ጣቢያም ውሰዱት።