የካንተርበሪው ቃጠሎና ጫፉ የሾለው ቅስት

ጎቲክ ስለተባለው የሕንፃ አሠራር ስንሰማ ብዙዎቻችን ስሙን እንጂ ወደ እንግሊዝ አገር አብያተ ክርስቲያናት እንዴት እንደገባ አናውቅም። ስለዚህ የካንተርበሪን ካቴድራል ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀደም ሲል የእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳቸው ወፍራም፣ መስኮታቸው ጠባብ፣ ቅስታቸውም ክብ ነበር። ክብ ቅስት ክብደቱን ወደ ጎን አብዝቶ ስለሚገፋ ወፍራም ግንብ ይፈልጋል። ጫፉ የሾለ ቅስት ግን ክብደቱን ይበልጥ ወደ ታች፣ ወደ ምሰሶው ያወርደዋል፤ ወርዱ ሳይጨምርም ቁመቱ ሊጨምር ይችላል። በዚህም ምክንያት ግድግዳው ሊሳሳ፣ መስኮቱም ሊሰፋ ቻለ። የደርሃም ግንበኞች በ1133 በተፈጸመው የድንጋይ ጣሪያቸው ይህን ቅስት አስቀድመው ሞክረውታል፤ አዲሱ ስልት ጎልቶ የታየው ግን በካንተርበሪ ነው።

ሴፕቴምበር 5 ቀን 1174 ከግቢው በር ውጭ ጎጆዎች ተቃጠሉ። ነፋስ ፍንጣሪውን ወስዶ ከእርሳሱ ክዳን ሥር ከተተው፤ እንጨቱም ማንም ሳያየው ሲነድ ቆየ። የገዳሙ መነኩሴ ጀርቫስ የደረሰውን ኀዘን ጽፎ አቆይቶልናል።

ከተጠሩት ባለሙያዎች አንዳንዶቹ ምሰሶዎቹ ይጠገኑ፣ ሌሎቹ ይፍረሱ አሉ። ሥራው የተሰጠው ለፈረንሳዊው ለሳንሱ ዊልያም ነበር። እርሱም የተቃጠሉት ምሰሶዎች መፍረስ እንዳለባቸው ቢያውቅም፣ መነኮሳቱ ልባቸው ተሰብሮ ስለነበር እስኪረጋጉ ድረስ ሙሉውን አልነገራቸውም። ከዚያም ከኖርማንዲ፣ ከካን፣ ድንጋይ በመርከብ አስመጥቶ ምሰሶዎቹን ከቀድሞዎቹ አስረዝሞ አቆማቸው።

በ1178 ለጣሪያው ሥራ ሲዘጋጅ መወጣጫው ከእግሩ ሥር ተሰብሮ 15 ሜትር ያህል ወደቀ። ለጥቂት ጊዜ አልጋ ላይ ሆኖ አንድ መነኩሴ እየላከ ሥራውን መራ፤ ሳይሻለው ሲቀር ግን ወደ አገሩ ተመለሰ። ሌላ ዊልያም፣ እንግሊዛዊ፣ ተተካና የምሥራቁን ክፍል በ1184 አደረሰው። ስልቱም በሊንከን፣ በ1220 በተጀመረው በሶልስበሪም ቀጠለ።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ምሰሶዎቹ ይቆዩ ያሉት ሰዎች የሚወዱትን ላለማጣት ነበር፤ ዳሩ ግን የተቃጠለ ምሰሶ አዲስ ጣሪያ አይሸከምም። ይህን እውነት መናገር ዕውቀት ይጠይቃል፤ ጊዜውን ጠብቆ መናገር ደግሞ ርኅራኄን። የጀመረው አልፈጸመውም፤ የፈጸመውም አልጀመረውም፤ ሕንፃው ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። እኛም በየተራችን የምንይዘውን ሥራ እንዲህ ብናየው መልካም ነው።