ማሽን በብድር ይገዛል፤ ጥራት ግን በልምድ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ወደ ታጠበ ቡና ሥራ የሚገባ ባለሀብት አስቀድሞ የሚያሰላው የመፈልፈያ ማሽኑን ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ ትርፍና ኪሳራውን የሚወስኑ ሦስት ጉዳዮች ከማሽኑ ጋር አይሸጡም።

አንደኛው ለቀማ ነው። ማሽኑ ጥሬውን ፍሬ ሊያበስል አይችልም። አረንጓዴው ከቀዩ እሸት ጋር ከተቀላቀለ ጉድለቱ በቅምሻ ላይ ይወጣል። በአገራችን የታጠበ ቡና ደረጃ አሰጣጥ ደግሞ ከ100 ነጥብ 60ው የቅምሻ ነው።

ሁለተኛው ማብላላት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ በሆነችው ሞቃታማ ቴፒ የተፈለፈለ ቡና ከደጋው ይልቅ ፈጥኖ ይብላላል። ስለሆነም ከሌላ አካባቢ የተቀዳ የሰዓት ሠንጠረዥ ያሳስታል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ቡናውን በመዳፉ አሽቶ፣ ማሟለጩ ቀርቶ ሲሻክር እንዲታጠብ ያደርጋል። ሰዓቱ ካለፈ ቡናው ይኮመጥጣል።

ሦስተኛው ማድረቅ ነው። የእርጥበት መለኪያው ቡናው ከ11 እስከ 12 በመቶ መድረሱን ይናገራል፤ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት አልጋውን የሚሸፍነው ግን የአካባቢውን ሰማይ የሚያውቅ ሰው ነው። የሻገተን ቡና የሚመልስ መሣሪያ የለም።

የተበላሸ ቡና በርካሽ ሲሸጥ የባንክ ወለድ አብሮ አይረክስም። እንግዲህ ብድር ጠያቂው ከማሽኑ ዋጋ ጎን ለጎን የነባር ለቃሚዎችንና የአብላዮችን ክፍያ በዕቅዱ ሊያሰፍር ይገባል። በዚህ ላይ የሚደረግ ቁጠባ ከሁሉ የከፋ ወጪ ነው።