የታመነ ሥራን ለቆ አዲስ መንገድ ስለ መጀመር

ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣውን ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም «የት ተቀጠርክ?» የሚለው ነው። ጠያቂዎቹም አባትና እናት፣ አጎትና አክስት፣ ጎረቤትና የዕድር ሰው ናቸው። «ምን ዓይነት ሰው መሆን ትፈልጋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙዎች የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሰው ወንበራቸው ላይ ከተቀመጡ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ደመወዛቸው ሳይጎድል፣ ሁለተኛው ጥያቄ ከውስጣቸው ይነሣባቸዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው። የታመነ ሥራ ያለው ሰው ራሱን ለማሳደግ ሲል ሥራውን ለቆ ወደማያውቀው መንገድ ቢገባ ድፍረት ነውን ወይስ ዕብደት? ሁለቱንስ የሚለያቸው ምንድን ነው?

1ኛ/ የታመነ ሥራ ለምን ይከብደናል?

የመጀመሪያው ምክንያት ከታሪካችን የመጣ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ጽሕፈትና ሒሳብ፣ የውጭም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ለአዲሶቹ መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ሆነ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈትም ከተመራቂው የሚጠበቀው በመንግሥት ሥራ ላይ መሰማራት ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ ተመራቂውን በየሥራው የሚመድበው መንግሥት ራሱ ነበር። እንግዲህ ከሦስት ትውልድ በላይ ለሚሆን ጊዜ «ተማረ» ማለትና «ደመወዝተኛ ሆነ» ማለት አንድ ትርጉም ይዘው ኖረዋል። ወላጆቻችን ለደመወዝ የሚሰጡት ክብር ከዚህ የመጣ ነውና አላዋቂነት ብለን ልንስቅበት አይገባም። በአንድ ደመወዝ ታናናሾች ይማራሉ፣ የቤት ኪራይ ይከፈላል፣ ዕቁብም ይጣላል።

ሁለተኛው ምክንያት በሰው ልጅ ተፈጥሮ ውስጥ ያለ ነው። ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1979 ባወጡት ጥናት፣ ሰው አንድን ነገር ሲያጣ የሚሰማው ሐዘን ያንኑ የሚያህል ነገር ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ እንደሚበልጥ አስረድተዋል። ስለዚህ ሥራ ስለ መልቀቅ የሚያስብ ሰው ሚዛኑ ከመነሻው የተዛባ ነው። በእጁ ያለው አንድ ሺህ ብር ገና ካላገኘው ሁለት ሺህ ብር የሚከብድ መስሎ ይታየዋል።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ብሂላችን ይህንኑ ጠባይ የሚገልጽ ነው። ከዚህም ይልቅ ዘወትር የሚጠቀስብን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ነው። ይሁን እንጂ ይህን ምሳሌ በጥሞና የተመለከትነው እንደ ሆነ ሴትዮዋ የተነቀፈችው እጇን ወደ ቆጡ በመዘርጋቷ አይደለም። በብብቷ የያዘችውን አስቀድማ በደኅና ቦታ ሳታስቀምጥ በመዘርጋቷ ነው። ቆጡ ላይ ያለው እህል መውረድ ይገባዋል፤ ጥያቄው እንዴት ይውረድ የሚለው ነው።

2ኛ/ ሥጋትና አለማወቅ አንድ አይደሉም

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ፍራንክ ናይት በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ነገሮችን ለያይቷል። አንደኛው ሊለካና ሊሰላ የሚችል ሥጋት ነው፤ ሁለተኛው ሊሰላ የማይችል አለማወቅ ነው። ይህ ልዩነት ለእኛ ጉዳይ እጅግ ይጠቅማል።

ለምሳሌ ከባንክ ሥራ ወጥቶ የወተት ላሞች ለማርባት ያሰበን ሰው እንውሰድ። የመኖ ዋጋ፣ የአንዲት ላም የቀን ወተት፣ የእንስሳት ሐኪም ክፍያ፣ ወተቱን የሚረከበው ቤት የሚሰጠው ዋጋ፣ እነዚህ ሁሉ ተጠይቀው የሚታወቁ ናቸው። ይህን ሳያጣራ «ዕድሌን ልሞክር» የሚል ሰው ደፋር ሳይሆን ሰነፍ ነው። በሌላ በኩል «ያለ አለቃ ራሴን አዝዤ መሥራት እችላለሁን? ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ተነሥቼ በረት መጥረግ ከስድስት ወር በኋላም ደስ ይለኛልን?» የሚለው ጥያቄ ካልሞከሩት በቀር በጥያቄ ብዛት አይታወቅም። እንግዲህ የአስተዋይ ሰው ሥራ የሚሰላውን ሁሉ አስልቶ፣ የማይሰላውን ደግሞ በትንሹ ሞክሮ፣ የቀረውን አውቆ መቀበል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን «ራስን ማሳደግ» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ መወሰን ይገባል። ከአለቃ ጋር ስለ ተጣሉ መሄድ ዕድገት ሳይሆን ሽሽት ነው። ሽሽትም አንዳንድ ጊዜ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን በስሙ ሊጠራ ይገባዋል። ራሳችንን የምንፈትንበት አንድ ቀላል ጥያቄ አለ። በዚሁ ወንበር ላይ ደመወዛችን ዛሬ በእጥፍ ቢጨመርልን እንቀር ነበርን? «አዎን» ካልን የጎደለን ገንዘብ ነው፤ መፍትሔውም ሌላ መሥሪያ ቤት መፈለግ ሊሆን ይችላል። «ቢጨመርልንም አንቀርም፤ የምንማረው አልቋልና» ካልን የጎደለን ሌላ ነገር ነው።

3ኛ/ ከአራት ሰዎች የምናገኘው ትምህርት

በዚህ ክፍል የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አልበርት አንስታይን ከ1902 ጀምሮ በስዊስ አገር በበርን ከተማ በፈጠራ ባለቤትነት መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነበር። ዓለምን ያስደነቁትን የ1905 ጽሑፎቹን የጻፈው በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ ነው። በ1908 በበርን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምርም ቢሮውን አልለቀቀም። የለቀቀው በ1909 የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ቦታ ከሰጠው በኋላ ነው። እንግዲህ ታላቅ አሳብ ያለው ሰው ሁሉ በማግስቱ መልቀቂያ ይጽፋል ማለት አይደለም። የታመነው ሥራ ራሱ ለአዲሱ መንገድ ስንቅ ሊሆን ይችላል።

አልበርት ሽዋይትዘር ገና በሠላሳ ዓመቱ በስትራስቡርግ ሰባኪ፣ የሃይማኖት ትምህርት መምህር፣ የታወቀም የኦርጋን ተጫዋች ነበር። በ1905 ሐኪም ሆኖ ወደ አፍሪካ ለመሄድ መወሰኑን ለወዳጆቹ ሲያስታውቅ ብዙዎቹ ተቃወሙት። እርሱ ግን ከተማሪዎች ጋር ተቀምጦ ሕክምናን ለዓመታት ተማረ። ለጉዞው የሚሆነውንም ገንዘብ በኦርጋን ትርኢትና ከወዳጆች በመለመን አሰባሰበ። በ1913 በጋቦን ላምባሬኔ ሲደርስ የመጀመሪያ የሕክምና ክፍሉ የዶሮ ቤት የነበረ ጎጆ ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሥራውን አቋርጦበት ታሥሮ ወደ አውሮፓ ተወሰደ፤ ወደ ላምባሬኔ የተመለሰው በ1924 ነው። የ1952ን የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ። ከዚህ የምንማረው በውሳኔውና በጉዞው መካከል የስምንት ዓመት ዝግጅት መኖሩን ነው። ይሁን እንጂ ሽዋይትዘር አፍሪካውያንን እንደ እኩያው አላየም እየተባለ እስከ ዛሬ ይነቀፋል፤ ነቀፋውም መሠረት አለው። መሥዋዕትነት ብቻውን ሰውን ትክክለኛ አያደርገውም።

የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ለአንድ የመንግሥት ተማሪ ከዚህ የበለጠ የታመነ መንገድ አልነበረም። እርሳቸው ግን ወደ ሥዕል አዘነበሉ፤ በለንደንም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ተማሩ። በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥራዎቻቸውን ካሳዩ በኋላ «አሁንስ በቃኝ» ሳይሉ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው የባለ ቀለም መስታወትን ሙያ ጨመሩበት። በአፍሪካ አዳራሽ የምናየው 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የመስታወት ሥራ የዚያ ተጨማሪ ትምህርት ፍሬ ነው። የተለመደውን መንገድ መተው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አራተኛው ምሳሌ መራራ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ጎጋን በፓሪስ የአክሲዮን ገበያ ደኅና ገቢ የነበረው ሰው ነበር። በ1882 ገበያው ወደቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጎጋን ከዚያ ሥራ ወጥቶ በሥዕል ብቻ ለመኖር ቆረጠ። ሚስቱና አምስት ልጆቹ ግን የዚህን ውሳኔ ዋጋ ከእርሱ ጋር ከፈሉ፤ ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ወደ አገሯ ወደ ዴንማርክ ገባች፣ ትዳሩም ተበተነ። ጎጋን በ1903 በሩቅ ደሴት በችግር ሞተ። ዛሬ ሥዕሎቹ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ተሰቅለዋል፤ ይህ ግን በዚያን ጊዜ ለልጆቹ እራት አልሆነም። ስለ ደፋር ሰዎች ስናነብ ብዙውን ጊዜ የማይነገረን ይህኛው ገጽ ነው።

4ኛ/ ሒሳቡና ሕጉ

አሁን ወደ ራሳችን ኪስ እንመለስ። ለምሳሌ ያህል የወር ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሰው አለ እንበል። ለራሱ ኑሮ 8,000 ብር፣ ለቤተሰቡ የሚልከው 2,000 ብር፣ በጠቅላላው በወር 10,000 ብር ያስፈልገዋል። የቈጠበው 90,000 ብር ነው። ለአዲሱ ሥራ ዕቃ መግዣ 30,000 ብር ካወጣ የሚቀረው 60,000 ብር ስድስት ወር ብቻ ያኖረዋል። ነገር ግን ከመልቀቁ በፊት በማታና በእረፍት ቀን እየሠራ በወር 4,000 ብር የሚያስገኝ ደንበኛ ቢይዝ፣ ከቍጠባው የሚያወጣው በወር 6,000 ብር ይሆንና ያው ገንዘብ አሥር ወር ያደርሰዋል። የኑሮ ውድነት ይህን እንደሚያሳጥረው ደግሞ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። ራፊና ፌንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ስለ አሜሪካ ባወጡት ጥናት፣ ሥራቸውን ሳይለቁ ንግድ ጀምረው ቈይተው ኋላ ሙሉ በሙሉ የተሻገሩት ሰዎች፣ በአንድ ጊዜ ዘለው ከገቡት ይልቅ ንግዳቸውን የመተው ዕድላቸው በሲሶ ያህል ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል።

ደመወዝ ሲቈጠርም በእጅ የሚገባው ብቻ ሊቈጠር አይገባም። ለጡረታ ሠራተኛው 7 በመቶ ሲያዋጣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል፤ ይህም በ12,000 ብር ደመወዝ ላይ በወር 1,320 ብር ነው። የለቀቀ ሰው ይህን ያጣል።

በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን በፈቃዱ መልቀቅ ይችላል። ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፍቶ መቅረት ግን ካሳ ሊያስከፍል ይችላል፤ መልካም ስምንም ያጠፋል። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው ሕግ ስለ ሆነ እርሱን ማንበብ ይኖርባቸዋል። መሥሪያ ቤቱ አስተምሮን የአገልግሎት ግዴታ አስፈርሞን እንደ ሆነም ውሉን አውጥተን ማየት ይገባናል።

ንግድ ለመጀመር ለሚያስብም በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቍጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው በቀድሞው ሕግ ግን ቢያንስ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። የዚህ ጥቅም ንግዱ ቢከስር ዕዳው በመሠረቱ ከማኅበሩ ሀብት አልፎ ወደ መኖሪያ ቤታችን እንዳይገባ ማድረጉ ነው። አበዳሪው በግል ዋስትና ካስፈረመን ግን ይህ አጥር ይፈርሳልና ከመፈረም በፊት ደጋግመን እናስብ።

5ኛ/ መቅረትስ ነውር ነውን?

አይደለም። የታመመች እናት የምታስታምም እኅት፣ አራት ታናናሾችን የሚያስተምር ወንድም፣ በወንበራቸው የቈዩት ፈርተው ነው ማለት ግፍ ነው። አባቱ ቤት ያለው ልጅ ቢወድቅ የሚወድቀው ፍራሽ ላይ ነው፤ የድሀ ልጅ ቢወድቅ የሚወድቀው መሬት ላይ ነው። ለሁለቱም «ድፈሩ!» ብሎ አንድ ዓይነት ምክር መስጠት ማስተዋል የጎደለው ነው። በተጨማሪም አገር ያለ ታማኝ መዝገብ ቤት፣ ያለ መምህርና ያለ ነርስ አይቆምም። በሥራው ውስጥ ሆኖ የሚማርና የሚያድግ ሰው የሚለቅበት ምክንያት የለውም።

በሌላ በኩል ግን መቅረትም ዋጋ እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ጊሎቪችና ሜድቬክ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረጉት ጥናት፣ ሰው በቅርቡ ጊዜ የሚጸጸተው በአደረገው ነገር ሲሆን፣ ዕድሜውን ወደ ኋላ ሲመለከት ግን ይበልጥ የሚጸጸተው ባላደረገው ነገር መሆኑን ገልጸዋል። የመልቀቅ ኪሣራ በወር መጨረሻ በኪስ ይታያል፤ የመቅረት ኪሣራ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ የሚታይ ስለ ሆነ ማንም አይመዘግበውም።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ጥያቄው በልባችን የተነሣ እንደ ሆነ በቡና ቤት ወሬ አናባክነው። አንድ ወረቀት ወስደን በብብታችን ያለውን እንቍጠር፤ ከቆጡ ልናወርድ የፈለግነውን በስሙ እንጥራ፤ ከእኛ እንጀራ የሚቈርሱትን ሰዎች ጠርተን እንማከር፤ ከዚያም የምንሞክርበትን ጊዜና፣ ካልሆነ የምንመለስበትን ቀን አስቀድመን እንጻፍ። ይህን ያደረገ ሰው ቢለቅም ቢቀርም አንድ ነገር አግኝቷል፤ በወንበሩ ላይ ያለው በልማድ ሳይሆን በምርጫ ነው፤ ከወንበሩም የተነሣው በቍጣ ሳይሆን በአሳብ ነው። «የት ተቀጠርክ?» ለሚሉን ዘመዶቻችንም ያን ጊዜ ጭንቅላታችንን ቀና አድርገን መልስ እንሰጣለን።