የጉንዳኗ ፋርማሲ

ሱረቱ አን-ነምልን ስንቀራ ብዙዎቻችን የምናስበው ነቢዩ ሱለይማንን (ዐ.ሰ.) ነው። እኔ ዛሬ ስለ ጉንዳኗ ልጻፍ።

በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ቅጠል ቆራጭ የሚባሉ ጉንዳኖች አሉ። ቅጠሉን ተሸክመው የሚገቡት ከመሬት በታች ያለውን የሻጋታ እርሻቸውን ሊመግቡበት ነው፤ ቀለባቸው ሻጋታው ነውና። እርሻውን ደግሞ ኤስኮቮፕሲስ የተባለ ሌላ ሻጋታ ይወርረዋል። በሰውነታቸው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ለረጅም ጊዜ ሰም ይባል ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ካሜሮን ኪዩሪና ባልደረቦቹ ባክቴሪያ መሆኑን አሳዩ፤ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ወራሪውን ይገታል። በ2009 ሻጋታ ከሚያርሱ ሌሎች ጉንዳኖች ባክቴሪያ ዴንቲጀሩማይሲን የተባለው ተለይቶ ወጣ። በ1943 የተገኘው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ የዚሁ የባክቴሪያ ወገን ውጤት ነው፤ እርሱ ግን ከአፈር ነው የመጣው።

አንዳንድ ወንድሞች «ይህ ሁሉ በቁርኣን ተነግሯል» ይላሉ። አልስማማም። ቁርኣን የኬሚስትሪ መጽሐፍ አይደለም፤ እንድናስተነትን ግን ያዘናል። ማስተንተን «ሱብሓነላህ» ብሎ ማለፍ ብቻ ከሆነ ነጩን ነገር ሰም ነው ብለው ካለፉት በምን ተሻልን? ልጆቻችን ሱራውን በቃላቸው ይዘውታል፤ ባዮሎጂውን ለፈተና ይሸመድዱታል። ሁለቱን የሚያገናኝላቸው የለም። ኡስታዞቻችን እዚያ ሱራ ላይ ሲደርሱ ልጆቹን ወደ ግቢው አውጥተው አንድ የጉንዳን ጉድጓድ ቢያሳዩ ምን ይከብዳል?