ወፍራሟን ክር ጠይቋት፦ በአቅም የሚገዛ የቤዝ ፔዳል

ቤዝ ጊታር ከማስተምራቸው ልጆች ብዙዎቹ ሁለተኛው ወር ሳያልቅ “ቲቸር፣ የትኛውን ፔዳል ልግዛ?” ይሉኛል። ብሩ ከታክሲና ከምሳ ላይ የተቆጠበ ነውና ጥያቄውን እንደ ቀልድ አላየውም። መልሼ ግን “ምን ጎደለህ?” እላለሁ። ይህን መመለስ ያልቻለ ገና የሚገዛው ነገር የለውም፤ መመለስ ለቻለ የሚከተለው ይጠቅመዋል።

መጀመሪያ ጣት

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን የዋልያስ ባንድ “ቼ በለው” አልበም አድምጡ። “ሙዚቃዊ ስልት” ላይ የመላከ ገብሬ ቤዝ አንዲትን ሐረግ ይዞ እየደጋገመ ሙዚቃውን ሁሉ ይሸከማል። የአይቤክስና የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮንም አድምጡ። እነዚህን ሰዎች ስትሰሙ ኖታው የሚጀምርበትን ብቻ ሳይሆን የሚቆምበትንም ልብ በሉ። ክሩን በሰዓቱ ዝም ማሰኘት የጣት ሥራ ነው፤ የትኛውም ፔዳል አይሠራላችሁም።

ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝ አምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት እስኪወድም ድረስ ተማሪ ይዤ እሄድ ነበር። ልጆቹ ዓይናቸውን ከቤዚስቱ እግር ሥር ካሉት ፔዳሎች አይነቅሉም። “ግራ እጁን እዩ” እላቸው ነበር። ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

ፔዳል የሚነካው ምኑን ነው?

የአራት ክር ቤዝ ወፍራሟ ክር፣ ኢ፣ ሳትያዝ ስትመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ትርገበገባለች። ቀጥላ ያለችው ኤ 55፣ ዲ 73፣ ጂ ደግሞ 98 ጊዜ። የተራ ጊታር ወፍራም ክር 82 ላይ ነው የሚጀምረው፤ የቤዙ እጥፍ ማለት ነው። ፔዳል በጊታሩና በአምፑ መሀል ተቀምጦ ይህን ንዝረት ይለውጣል፦ ያደምቀዋል፣ ይጨምቀዋል፣ ያሻክረዋል ወይም ያባዛዋል። ለጊታር የተሠራ ፔዳል ቤዝ ላይ የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ ከታች ያለውን ድምፅ እንደ ትርፍ ነገር ቆርጦ ስለሚጥለው ነው።

የወፍራሟ ክር ፈተና

ፈተናው አንድ ነው፦ ፔዳሉ ሲበራ የወፍራሟ ክር ክብደት ይቀራል ወይስ ይሸሻል? ታዋቂውን የጊታር ፔዳል፣ የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመርን፣ እንመልከት። ድምፁን የሚያሻክረው የውስጡ ክፍል በዋናነት የሚሠራው ከ720 ኸርትዝ (በሴኮንድ 720 ንዝረት) በላይ ባለው ድምፅ ላይ ነው። ለጊታር ተጫዋች ይህ ድምፁን ጥርት ያደርግለታል። ቤዙ ላይ ሲሰካ ግን ሆዳችሁ ላይ የሚሰማው ክብደት ይሳሳል፤ ድራሙ ብቻውን ይቀራል።

መፍትሔው ንጹሑን ድምፅና የተሻከረውን የሚቀላቅል ቁልፍ ያለው ፔዳል መምረጥ ነው። አንዳንዱ ላይ “ብሌንድ”፣ አንዳንዱ ላይ “ባላንስ” ተብሎ ይጻፋል። የቦስ ኦዲቢ-3 ይህ ቁልፍ አለው። የቤሪንገር ቢኦዲ400 በዚያው መንገድ የተሠራ ርካሽ አማራጭ ነው። የቤሪንገሩ ቅርፊት ፕላስቲክ ስለሆነ በጫማ እንደ ሲጋራ ቁራጭ አትርገጡት እንጂ ለመለማመጃ በቂ ነው።

በየትኛው ይጀመር?

አንደኛ፣ ቱነር። ድምፅ አይቀይርም ብላችሁ አትናቁት። ትዝታና ባቲ በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው፤ ከአምስቱ አንዱ ከተዛባ የሚሸሸግበት ቦታ የለም። መድረክ ላይ ድምፁን ዘግቶ መቃኘት የሚያስችል ቱነር ከአድማጭ ፊት ሐፍረት ያድናል።

ሁለተኛ፣ ኮምፕሬሰር። ጮክ ያለውን ዝቅ ያደርጋል፤ በዚህም ደካማውና ብርቱው ምት ይቀራረባሉ። አራት ለአንድ ላይ ስታደርጉት፣ ከተወሰነው ልክ 8 ዴሲቤል ያለፈ ድምፅ 2 ብቻ አልፎ ይወጣል። ችክችካ ላይ ጥቅሙ ይታያል፦ ጨፋሪው ሲግል እጃችሁም ይግላል፣ አንዱ ምት ይጮሃል፣ ቀጣዩ ይጠፋል፤ ኮምፕሬሰሩ ያቀራርባቸዋል። ግን አታጥብቁት፤ ሁሉም ምት እኩል ከሆነ ጭፈራው ይሞታል።

ሦስተኛ፣ የሚያሻክረው፤ ምርጫው ከላይ ባልነው ፈተና ነው።

አራተኛ፣ ኦክታቨር። ከምትጫወቱት ኖታ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ድምፅ ይጨምራል። ባዶዋን ኢ ብትመቱ 41 ለሁለት ተካፍሎ 20 ገደማ ይመጣል፤ ይህ የሰው ጆሮ የሚሰማው የመጨረሻው ወለል ነው፣ አብዛኛው አምፕም አያወጣውም። ስለዚህ ኦክታቨር ይዛችሁ ወደ ቀጭኖቹ ክሮች ውጡ። እ.ኤ.አ. በ1982 እንደ ወጣው የቦስ ኦሲ-2 ያሉት አናሎጎች ሁለት ኖታ ባንዴ ሲሰሙ ይደናገራሉና አንድ በአንድ ምቱ። ረጋ ላለ ትዝታ እንደ ኦክታቨር የሚስማማ የለም።

አንድ ሳጥን ወይስ ብዙ?

ብራችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከበቃ፣ ብዙ ፔዳል ባንድ ሳጥን የያዘውን መልቲ ኢፌክት ውሰዱ። ዙም ቢ1 ፎር አምስት ኢፌክት ባንድ ጊዜ ያሠራል፤ ቱነርና የድራም ምት አለው፤ እስከ 30 ሴኮንድ የተጫወታችሁትን ቀድቶ ይደግምላችኋል። በአራት ትንንሽ ባትሪ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ ልምምድ አይቋረጥም። ለየብቻው ከሚገዛ ፔዳል ጋር ሲነጻጸር አንዳንዱ ድምፁ ሊያንስ ይችላል። ግን ስድስት ወር ተጫውታችሁበት ከውስጡ የትኛውን እንደምትደጋግሙ ስታዩ ያንን አንዱን በጥራት ትገዛላችሁ።

አዳፕተሩን አንብቡ

እኛ ጋ ፔዳል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአሜሪካ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው። አንድ ተማሪዬ አጎቱ ያመጣለትን አዳፕተር በደስታ ሶኬት ላይ ሰካው፤ ሽታው ከድምፁ ቀድሞ መጣ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የእነሱ 120። አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ አትስጉ፤ 120 ብቻ ካለ እንዳትነኩት።

በተረፈ፣ አብዛኛው ፔዳል የሚፈልገው 9 ቮልት ሲሆን መሀሉ ኔጌቲቭ ነው፤ ምልክቱን ከፔዳሉ ጋር አስተያዩ። ባትሪ የምትጠቀሙ ከሆነ ልምምድ ሲያበቃ ጃኩን ከመግቢያው ንቀሉ፤ ጃኩ ከተሰካ ፔዳሉ ቢጠፋም ባትሪው ያልቃል።

ሱቅ ስትገቡ

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ሱቅ ቦታ ለውጧል፤ ደውላችሁ ሂዱ። የራሳችሁን ቤዝና ጃክ ያዙ፤ በሻጩ ውድ ጊታር የተሞከረ ፔዳል ቤት ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል። ያገለገለ ከሆነ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አዙሩ፤ ከተንኮሻኮሹ ዋጋ ለመቀነስ ምክንያት አገኛችሁ። ጃኩን ነቅነቅ ስታደርጉት ድምፁ ከተቆራረጠ ተዉት።

በመጨረሻ ባዶዋን ወፍራም ክር ምቱና ፔዳሉን አብሩ፣ አጥፉ፣ አብሩ። ሲበራ ክብደቷ ከሸሸ ሻጩን አመስግናችሁ ውጡ። ብሩ ኪሳችሁ ውስጥ እያለም ከጊታሩ ጋር የመጡትን ክሮች ስንት ዓመት እንደሞላቸው አስቡ። ጎደለ ያላችሁት ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አዲስ ክር ውስጥ ነው።